ስስና ቀዳዳማ ናኖ ቁስ፦ ውሃን ከበካይ ለማጽዳት እንዴት ይነደፋል?

የአንድ ግራም ግራፊን (አንድ አተም ብቻ የሚወፍር የግራፋይት ካርቦን ንጣፍ) ሁለቱም ገጾች ተዘርግተው ቢለኩ 2,630 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ስለ ናኖ ቁስ በሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ይህ ቁጥር አይጠፋም። ከየት እንደመጣ ማወቁ ግን ቁጥሩን ከመሸምደድ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ስሌቱም በቁራጭ ወረቀት የሚያልቅ ነው። የአንድ ስስ ንጣፍ ገጽ በግራም ስንት እንደሚሆን ለማወቅ ውፍረቱን በእፍግታው አባዝቶ 2ን ለውጤቱ ማካፈል ነው። 2 የሆነው ንጣፉ ላይና ታች ስላለው ነው። የግራፋይት እፍግታ በኪዩቢክ ሳንቲሜትር 2.27 ግራም ገደማ፣ የአንዱ የካርቦን ንጣፍ ውፍረት ደግሞ 0.335 ናኖሜትር ነው (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው)። አካፍሉት፤ 2,630 ይመጣል።

ውፍረቱ 1 ናኖሜትር ሲሆን ያው ስሌት 880 ካሬ ሜትር ገደማ ይሰጣል። 10 ናኖሜትር ሲሆን 88 ይሆናል፤ 100 ናኖሜትር ሲደርስ ዘጠኝ እንኳ አይሞላም። ከዚህ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ «ናኖ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ 100 ናኖሜትር የሚወፍር ንጣፍም ናኖ ይባላልና። ሁለተኛ፣ አሥር የግራፊን ንጣፎች ተመልሰው አንድ ላይ ከተጣበቁ ከገጹ አሥር እጅ ዘጠኙ ጠፋ ማለት ነው። ንጣፎቹ ደግሞ መጣበቅ ይወዳሉ። የዚህ ሥራ ግማሹ እንዳይጣበቁ መታገል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላም ጥያቄ ይነሳል። ተራው አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም ለማጣሪያ ተብሎ የተዘጋጀው ከሰል፣ በግራም ከ500 እስከ 1,500 ካሬ ሜትር ገጽ አለው፤ በብዛት ይመረታል፤ ከናኖ ቁስ ጋር ሲነጻጸርም እጅግ ርካሽ ነው። ታዲያ ስስ ንጣፍ ለምን አስፈለገ? መልሱ ርቀት ነው። የከሰሉ ገጽ አብዛኛው ያለው በፍሬው ሆድ ውስጥ ነው። የበካዩ ሞለኪውል እዚያ ለመድረስ ከራሱ እምብዛም በማይሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ መጓዝ አለበት። ይህ ጉዞ (ዲፊውዥን የሚባለው) የሚወስደው ጊዜ የሚያድገው በርቀቱ ካሬ ነው። በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የዲፊውዥን መጠኑ በሰከንድ 10⁻¹⁴ ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ 5 ማይክሮሜትር ዘልቆ ለመግባት 2,500 ሰከንድ፣ ማለትም ከ40 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። 50 ናኖሜትር ለመግባት ሩብ ሰከንድ ይበቃዋል። ርቀቱ መቶ እጥፍ ሲያጥር ጊዜው አሥር ሺህ እጥፍ አጠረ። ውሃው በማጣሪያው ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ከሆነ፣ ከሰሉ ሆድ ውስጥ ያለው ቦታ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል።

ስስ ነገር ለምን ይበሳል?

ንጣፉ ከሳሳ ዘንድ ቀዳዳ ምን ያደርግለታል የሚል አለ። አንድ ንጣፍ ብቻውን ቢሆን እውነትም ብዙ ላያስፈልገው ይችላል። ነገር ግን ንጣፎቹ ተደራርበው ሲቀመጡ ውሃውም ሆነ በካዩ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው የሚያልፈው ንጣፉን ዳር ድረስ ዞሮ ነው። የንጣፉ ስፋት 5 ማይክሮሜትር፣ ውፍረቱ 1 ናኖሜትር ቢሆን፣ 1 ናኖሜትር ወደ ታች ለመውረድ እስከ 2,500 ናኖሜትር ወደ ጎን መሄድ ይኖራል። በየ20 ናኖሜትሩ አንድ ቀዳዳ ካለ ግን መንገዱ ያጥራል። ሌላው ጥቅም ጠርዝ ነው። ቀዳዳ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ጠርዝ ይፈጠራል፤ ጠርዝ ላይ ያሉ አተሞች ደግሞ ጎረቤት ስለጎደላቸው እንደ እርሳስ ያለ ብረትን የሚይዙ ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን ያላቸው ቡድኖች እዚያ በቀላሉ ይተከላሉ። የንጣፉ መሐል ሜዳው ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ነው።

ቀዳዳዎች በስፋታቸው ሦስት መደብ አላቸው፦ ከ2 ናኖሜትር በታች ማይክሮፖር፣ ከ2 እስከ 50 ሜሶፖር፣ ከ50 በላይ ማክሮፖር። ማክሮፖሩ እንደ አውራ ጎዳና፣ ሜሶፖሩ እንደ ቅያስ፣ ማይክሮፖሩ እንደ ቤት ነው። ቤት ብቻ የሞላበት ቁስ መግቢያ የለውም፤ መንገድ ብቻ ያለውም ማደሪያ የለውም። በዚህ ላይ የእንግዳው መጠን አለ። በውሃ ሞለኪውሎች የተከበበ የእርሳስ አዮን ዳር እስከ ዳር 0.8 ናኖሜትር ገደማ ነው። በሙከራ ውስጥ ዘወትር የሚገባው ሚቲሊን ብሉ የተባለው ቀለም ርዝመቱ 1.4 ናኖሜትር ያህል ነው። ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር የሚመጣው ሂውሚክ አሲድ ብዙ ናኖሜትር ስለሚሆን ማይክሮፖር ውስጥ አይገባም፤ ደጁ ላይ ተቀምጦ ግን በሩን ይዘጋል። የተጣራ ውሃ ላይ ግሩም የሠራ ቁስ ወንዝ ውሃ ላይ የሚወድቅበት የመጀመሪያው ምክንያት ይኸው ነው።

ከበካዩ መጀመር

የተለመደው ስህተት ቁሱን አሳምሮ ሠርቶ ከዚያ ምን ልያዝበት ብሎ መፈለግ ነው። ንድፉ መጀመር ያለበት ከሦስት ጥያቄዎች ነው፦ በካዩ በዚያ ውሃ ውስጥ ምን ዓይነት ቻርጅ አለው? መጠኑ ስንት ነው? ውሃው ውስጥ ያለውስ በምን ያህል ክምችት ነው?

ቻርጅ የሚወሰነው በፒኤች (በውሃው የአሲድነት መለኪያ) ነው፤ የበካዩም የቁሱም። እያንዳንዱ ቁስ የገጹ ቻርጅ ዜሮ የሚሆንበት ፒኤች አለው። ውሃው ከዚያ በላይ ከሆነ ገጹ ኔጋቲቭ ይሆንና እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉትን ፖዘቲቭ አዮኖች ይስባል። ከዚያ በታች ከሆነ እንደ ፍሎራይድና አርሴኔት ላሉት ይመቻል። አርሴኒክ እዚህ ላይ ጥሩ አስተማሪ ነው። አርሴኔት የተባለው የአርሴኒክ ዓይነት በተለመደው የውሃ ፒኤች ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው ይያዛል። ኦክስጅን በሌለበት የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሚገኘው አርሴናይት ግን ፒኤች 9.2 እስኪደርስ ድረስ ቻርጅ የለውም፤ ቻርጅን ተማምኖ የተሠራው ቁስ አጠገብ ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ኦክሲዳይዝ ማድረግ፣ ወይም ያንን የሚያደርግ ነገር (ለምሳሌ ማንጋኒዝ ኦክሳይድ) በንጣፉ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። ፎስፌት በብዛት ካለ ደግሞ ኬሚስትሪው ከአርሴኔት ጋር መንትያ ስለሆነ ቦታውን ይሻማል።

ክምችቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ቁሳችን በግራም 200 ሚሊግራም እርሳስ ይይዛል» ሲባል ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የተገኘው በሊትር መቶ ሚሊግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ባለበት ውሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የእርሳስ መጠን ግን በሊትር 10 ማይክሮግራም፣ ማለትም 0.01 ሚሊግራም ነው። በዚያ ዝቅተኛ ክምችት ቁሱ ምን ያህል ይይዛል? የላንግሚየር ቀመር ይነግረናል፦ የተያዘው መጠን ከፍተኛውን አቅም በዝንባሌው (ቁሱ ለበካዩ ባለው ፍቅር እንበለው) እና በክምችቱ አባዝቶ፣ ለአንድ ሲደመር የዝንባሌና የክምችት ብዜት ማካፈል ነው።

ሁለት ቁሶችን እናወዳድር፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተመረጡ ናቸው። የመጀመሪያው ከፍተኛ አቅሙ በግራም 200 ሚሊግራም፣ ዝንባሌው በሚሊግራም 0.1 ሊትር ነው። ሁለተኛው አቅሙ 50 ብቻ፣ ዝንባሌው ግን 10 ነው። ውሃው ውስጥ በሊትር 100 ሚሊግራም ሲቀር የመጀመሪያው 182፣ ሁለተኛው 50 ይይዛል፤ በወረቀት ላይ የመጀመሪያው አሸነፈ። 0.01 ሚሊግራም ሲቀር የመጀመሪያው በግራም 0.2 ሚሊግራም ብቻ፣ ሁለተኛው 4.5 ይይዛል። በሊትር 0.1 ሚሊግራም እርሳስ ያለበትን አንድ ሺህ ሊትር ውሃ ወደ 0.01 ለማውረድ 90 ሚሊግራም ማውጣት ያስፈልጋል። በአንድ በርሜል ውስጥ አማስሎ ከሆነ የሚሠራው፣ ከመጀመሪያው ቁስ 450 ግራም፣ ከሁለተኛው 20 ግራም ያስፈልጋል። «200 ሚሊግራም» የሚለውን አምኖ ያሰላ ሰው ግን ግማሽ ግራም እንኳ የማይሞላ ይዞ ይመጣ ነበር።

ውሃው በዓምድ ውስጥ እየወረደ የሚጣራ ከሆነ ነገሩ ይሻሻላል። ዓምዱ መግቢያ ላይ ያለው ቁስ የሚያየው የሚገባውን 0.1 እንጂ የሚወጣውን 0.01 አይደለምና፣ የመጀመሪያው ቁስ አቅም በግራም ወደ 2 ሚሊግራም ይጠጋል። ያም ሆኖ ትልቅ አቅም ካለው ይልቅ ብርቱ ዝንባሌ ያለውን መምረጥ ለመጠጥ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል። ለፋብሪካ ፍሳሽ ግን ክምችቱ ከፍ ስለሚል ምርጫው ሊገለበጥ ይችላል።

የትኛው ቁስ ለምን

ግራፊን ኦክሳይድ ኦክስጅን ያላቸው ቡድኖች ስላሉት ለብረቶችና ፖዘቲቭ ቻርጅ ላላቸው ቀለሞች ይስማማል። ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለባቸው ድርብ ሃይድሮክሳይዶች ንጣፋቸው ራሱ ፖዘቲቭ ስለሆነ ኔጋቲቭ አዮኖችን በንጣፎቹ መካከል ያስገባሉ። ድክመታቸው ካርቦኔት ነው፤ ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርቦኔት ሆኖ ቦታውን ይይዝና አይለቅም። ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቁ ካርቦኔቱ ይባረራል፤ ውሃ ሲያገኙ ደግሞ ንጣፉን መልሰው ይገነባሉ። ቲታኒየም ካርባይድ ኤምክሲን (ከቲታኒየምና ከካርቦን የተሠራ ስስ ንጣፍ) እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ ብዙ ተወርቶለታል፤ ነገር ግን አየር ባለበት ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ለወራት ውሃ ውስጥ ለሚቀመጥ ማጣሪያ ብንጠየቅ አንመርጠውም።

ብረትና ኦርጋኒክ ማያያዣ እንደ ስካፎልዲንግ የተገጣጠሙባቸው ሞፎች በገጽ ስፋት ሁሉንም ይበልጣሉ፤ በግራም ከ7,000 ካሬ ሜትር ያለፉ አሉ። የእ.ኤ.አ. 2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትም ለዚህ ዘርፍ መሥራቾች ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለኦማር ያጊ ተሰጥቷል። ለውሃ ሥራ የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ውሃ ይችላል ወይ ነው። በዚንክ የተሠራው ሞፍ-5 የአየር እርጥበት ብቻ ያፈርሰዋል፤ በዚርኮኒየም የተሠራው ዩአይኦ-66 ውሃ ውስጥ ይጸናል። ልዩነቱ የብረቱና የኦክስጅኑ ትስስር ጥንካሬ ነው።

አንድ ቁስ ቀረብ ብሎ ሲታይ

ካርቦን ናይትራይድ በካይን ከመያዝ አልፎ በብርሃን እንዲሰብር የሚፈለግ ፎቶካታሊስት ነው፤ አሠራሩም ቀላል ስለሆነ ለማየት ይመቻል። 10 ግራም ሜላሚን ክዳን ባለው የአሉሚና ክሩሲብል ውስጥ ይጨመራል። ክዳኑን ቸል ማለት አይቻልም፤ ሜላሚን ሲሞቅ በቀጥታ ስለሚተን ክፍት ከተተወ ብዙው የሚገኘው የምድጃው ግድግዳ ላይ ነው። ሙቀቱ በደቂቃ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ እየጨመረ 550 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርስና እዚያ 4 ሰዓት ይቆያል። ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ሲጣመሩ አሞኒያ ስለሚለቁ ምድጃው ጭስ መሳቢያ ሥር መሆን አለበት። ሲቀዘቅዝ የሚወጣው ቢጫ ጠጣር ጓል ነው፤ የገጽ ስፋቱ በግራም 10 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ። ይህ ገና ስስ አይደለም፤ የተደራረበ ነው።

ማሳሳቱ ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጓሉ ተፈጭቶ በሰፊ ክፍት የሴራሚክ ዕቃ ላይ በስሱ ይነጠፍና በአየር ውስጥ 500 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት ይቆያል። ኦክስጅኑ ንጣፎቹን ያያያዙትን ደካማ ትስስሮች እየበላ ይለያያቸዋል፤ አንዳንድ ቦታም ይበሳቸዋል። የገጽ ስፋቱ ወደ 300 ሊጠጋ ይችላል። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ከክብደቱ አብዛኛው ተቃጥሎ ይሄዳል። ክምሩ ወፍሮ ከተነጠፈ ላዩ ነጣ ብሎ ታቹ እንደነበረ ቢጫ ይቀራል፤ ውጤቱም በየጊዜው የተለያየ ይሆናል። ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ካለፈ ቁሱ ራሱ ተበትኖ ይጠፋል። በሜላሚን ፈንታ ዩሪያ ቢገባ የሚወጣው ጋዝ ብዙ ስለሆነ እንደ አረፋ እየነፋ ገና ከመጀመሪያው ስስና ቀዳዳማ ያደርገዋል፤ ከ10 ግራም ዩሪያ ግማሽ ግራም ከተገኘ ግን ጥሩ ነው።

ቀለሙን ማየት መለኪያ ነው። ቢጫው እየነጣ ሲሄድ ንጣፉ መሳሳቱን ይናገራል፤ አብሮ ግን ሌላ ነገርም ይናገራል። ወፍራሙ ካርቦን ናይትራይድ 2.7 ኤሌክትሮን ቮልት ክፍተት (ኤሌክትሮንን ለመቀስቀስ የሚያስፈልገው ትንሹ ኃይል) ስላለው እስከ 460 ናኖሜትር ድረስ ያለውን ብርሃን ይውጣል። ሲሳሳ ክፍተቱ ይሰፋና ከሚታየው ብርሃን የሚጠቀመው ይቀንሳል። በሌላ በኩል በብርሃን የተቀሰቀሰው ኤሌክትሮን ገጹ ላይ ለመድረስ የሚሄደው አጭር ስለሚሆን መንገድ ላይ አይጠፋም። እንግዲህ ስስነት እዚህ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው ይወስዳል፤ ከሁሉ የሳሳው ከሁሉ የተሻለ ነው ማለት አይቻልም።

ግራፊን ኦክሳይድ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመው የሀመርስ ዘዴ ግራፋይትን በሰልፈሪክ አሲድና በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ይቀይራል። ፐርማንጋኔቱ አሲዱን ሲያገኝ ማንጋኒዝ ሄፕቶክሳይድ ይፈጥራል፤ ይህ ነገር ከ55 ዲግሪ በላይ ይፈነዳል። ስለዚህ በበረዶ ውስጥ፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሳያልፍ፣ በጥቂት በጥቂቱ ብቻ ይጨመራል። መጠኑን ለመጨመር ሲታሰብ ይህ ደረጃ መጀመሪያ ይታሰብ፤ ትልቅ ዕቃ እንደ ትንሽ ዕቃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። እጥበቱም ትዕግሥት ይፈትናል። መጀመሪያ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ከዚያ በውሃ ነው። በውሃ ብቻ ከተጀመረ አሲዱ ሲያልቅ ንጣፎቹ አብጠው እንደ ጄል ይሆናሉ፤ ማንጋኒዙ ውስጣቸው ይቀራል፤ የማጣሪያ ወረቀቱም ይደፈናል። የቀረውን በሴንትሪፊውጅ ወይም በዳያሊስስ ከረጢት መጨረስ ይሻላል። ለመብሳት፣ የታጠበው ፈሳሽ ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጨምሮ ወደ 100 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት ማሞቅ ይቻላል፤ ፐርኦክሳይዱ ድሮም ጉድለት ያለበትን ቦታ መርጦ ይበላል። ሰዓቱ ሲረዝም ቀዳዳዎቹ ይገናኙና ንጣፉ ቁርጥራጭ ይሆናል።

ማድረቅ፦ ብዙ ሥራ የሚበላሽበት ቦታ

በጥንቃቄ የተከፈተው ቀዳዳ ሁሉ በአንድ ሌሊት ኦቨን ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። ውሃ ከጠባብ ቀዳዳ ሲተን የውሃው ገጽ ጎብጦ ግድግዳዎቹን ወደ ውስጥ ይስባል። የስበቱ መጠን ሁለት ጊዜ የገጽ ውጥረቱ ለቀዳዳው ራዲየስ ሲካፈል ነው። የውሃ ውጥረት በሜትር 0.072 ኒውተን፣ ራዲየሱ 5 ናኖሜትር ሲሆን ወደ 29 ሜጋፓስካል ይመጣል፤ ከከባቢ አየር ግፊት 280 እጥፍ በላይ። አንድ ናኖሜትር የሚወፍር ግድግዳ ይህንን አይችልም።

መውጫው ፈሳሹን ጎባጣ ገጽ ሳይፈጥር ማውጣት ነው። አንደኛው መንገድ አቀዝቅዞ በቫኪዩም ማድረቅ ነው። በፈሳሽ ናይትሮጅን ቶሎ ካልቀዘቀዘ ትልልቅ የበረዶ ክሪስታሎች ንጣፎቹን እየገፉ አንድ ግድግዳ ላይ ይከምሯቸዋል። ሌላው ውሃውን ደጋግሞ በኤታኖል ተክቶ በሱፐርክሪቲካል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማውጣት ነው፤ ከ31 ዲግሪና ከ74 ባር በላይ ፈሳሽና ጋዝ ድንበር ስለሌላቸው የሚስብ ገጽ አይኖርም። ሦስተኛውን መንገድ ብዙ ሰው አያስበውም፦ ጭራሹን አለማድረቅ። ቁሱ የሚሠራው ውሃ ውስጥ ከሆነ እንደ ሊጥ እርጥቡን አስቀምጦ፣ ከትንሽ ናሙና ደረቅ ክብደቱን ለክቶ መጠቀም ይቻላል።

የሚያታልሉ ልኬቶች

የገጽ ስፋት የሚለካው በናይትሮጅን ጋዝ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ነው። ናሙናው መድረቅ ስላለበት፣ ውሃ ውስጥ ተበትኖ የነበረው ንጣፍ ደርቆ ተጣብቆ ትንሽ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ለማነጻጸር ሚቲሊን ብሉን ውሃ ውስጥ ማስያዝ ይጠቅማል፤ አንድ ሚሊግራም ቀለም 2.54 ካሬ ሜትር እንደሚሸፍን ይወሰዳል። ግራፊን ኦክሳይድን ከናይትሮጅን ልኬት በፊት 200 ዲግሪ ላይ ማድረቅ ደግሞ ሌላ ቁስ መለካት ነው፤ ኦክስጅኑ በዚያ ሙቀት ጋዝ ሆኖ ይወጣልና።

የእርሳስ ሙከራ ላይ ፒኤቹ ከ6 ከፍ ሲል እርሳሱ ራሱ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ መዝቀጥ ሊጀምር ይችላል። ቁሱ የያዘው የሚመስለው በሙሉ የዘቀጠ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁስ ያልገባበት ጠርሙስ በዚያው ፒኤች ጎን ለጎን መቀመጥ አለበት። በፎቶካታሊስት ሙከራ ደግሞ መብራቱ ሳይበራ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በጨለማ ማማሰል ግድ ነው፤ አለዚያ ገጹ ላይ የተለጠፈው ቀለም «ተሰበረ» ተብሎ ይቆጠራል። ሚቲሊን ብሉ ራሱ ብርሃን ስለሚውጥ ቁሱ ምንም ሳያደርግ ሊነጣ ይችላል። ቀለሙ ጠፋ ማለትም ኦርጋኒኩ ጠፋ ማለት አይደለምና አጠቃላይ ኦርጋኒክ ካርበን ይለካ። በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ደግሞ ትንንሾቹ ንጣፎች ያልፋሉ፤ የያዙትን ብረት ይዘው ያልፉና መሣሪያው ቁሱ ምንም አልያዘም ይላል። ናይሎን ማጣሪያ ቀለም ሲውጥ የሚሆነው ተገላቢጦሹ ነው።

ከዱቄት ወደ ማጣሪያ

ዱቄቱ እንዳለ ዓምድ ውስጥ አይገባም። በታሸገ ዓምድ ውስጥ ውሃውን ለመግፋት የሚያስፈልገው ግፊት ፍሬው ባነሰ ቁጥር በመጠኑ ካሬ ይጨምራል፤ ፍሬው አሥር እጥፍ ሲያንስ ግፊቱ መቶ እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ንጣፎቹ ከማጣሪያው ወጥተው ከውሃው ጋር ቢሄዱ፣ ብክለት ለማጥፋት የገባው ነገር ራሱ ብክለት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቁሱ አሸዋ ላይ ይለበጣል፣ ማግኔታይት (በማግኔት የሚሳብ ማዕድን) ይጨመርበትና በማግኔት ይሰበሰባል፣ ወይም እንክብል ይደረጋል።

እንክብሉ በጣም የተለመደው ነው። 2 በመቶ ሶዲየም አልጂኔት (ከባሕር አረም የሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር) ውስጥ ንጣፎቹ ይበተኑና በመርፌ ጠብታ በጠብታ 2 በመቶ ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ይንጠባጠባሉ። ካልሲየሙ የአልጂኔቱን ሰንሰለቶች ያስርና ጠብታው ወዲያው ኳስ ሆኖ ይረጋል። ለሰዓታት እዚያው ተቀምጦ እንዲጠነክር ይተዋል። ጠብታው 3 ሚሊሜትር ከሆነ ግን በካዩ እንደገና 1.5 ሚሊሜትር ጄል ማቋረጥ ሊኖርበት ነው፤ በስስነት የተገኘው ፍጥነት ተመልሶ ተበላ። ትንሽ መርፌ፣ አየር የሚነፋበት ጫፍ፣ ወይም ቁሱ ላዩ ላይ ብቻ የሚለበጥበት እንክብል ይህንን ያቃልላል።

ቁሱ ሲሞላ በካዩን አራግፎ መልሶ መጠቀም ይፈለጋል። ብረት የያዘ በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ፍሎራይድና አርሴኔት የያዘ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይታጠባል። ማግኔታይት ያለበት አሲድ ውስጥ ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ጥቂት ዙር ካለፈ በኋላ ማግኔቱ መሳብ ያቆማል። አልጂኔት እንክብልን በኢዲቲኤ (ብረቶችን አጥብቆ በሚይዝ ኬሚካል) ማጠብም አይቻልም፤ ኢዲቲኤው እርሳሱን ከማውጣት አልፎ ያሰረውን ካልሲየም ይነጥቅና እንክብሉ ዓምዱ ውስጥ ቀልጦ ወደ ሙጫ ይለወጣል። ፎስፌትና ሲትሬት የበዛበት ፍሳሽም ያንኑ ያደርገዋል። ከእጥበቱ የሚወጣው ጥቂት ፈሳሽ ደግሞ ቀድሞ በሺህ ሊትር ተበትኖ የነበረውን እርሳስ ሰብስቦ የያዘ ስለሆነ፣ ፒኤቹን ከፍ አድርጎ ማዝቀጥ፣ ዝቃጩንም እንደ አደገኛ ደረቅ ቆሻሻ ለብቻ መያዝ ከንድፉ ጋር አብሮ ይታቀዳል።